ያልጠመዘዝኩት አንገት

ስሜ ትዕግሥት ነው። ስሙን ያወጣችልኝ አክስቴ ጸባዬን ሳታይ ነው ያወጣችው። ደብረ ማርቆስ ነው ያደግሁት፤ እናቴ ልጅ ሳለሁ ከሰው ጋር ስካረር ባየችኝ ቁጥር «ተይ አንቺ ልጅ፣ እልህ ምላጭ ያስውጣል!» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፣ ያስውጣል። ነገር ግን አሁን የማወጋችሁ ነገር በደረሰበት ዕለት እልኸኛ ባልሆን ኖሮ፣ አንድ ትልቅ ሰው ጭሮ ከተማ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሊቀሩ ይችሉ ነበር።

ያኔ ጭሮ ከመጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴን መያዜ ነበር። ትልልቆቹ ሰዎች ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይሏታል። የተመደብኩት በፊዚዮቴራፒ ባለሙያነት ሲሆን፣ ሆስፒታሉ ውስጥ የዚህ ሙያ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሥራዬ የተጎዳ፣ የደነዘዘ፣ የተኮማተረ አካልን መርምሮ በእንቅስቃሴ ማከም ነው። ሕዝቡ ግን «ማሳጅ» ይለኛል። ባልደረቦቼ ሳይቀሩ በሽተኛ ሲልኩ «ወደ ማሳጅ ክፍል ሂድ» ይሉታል። አንጀቴ እርር ይላል፤ ግን ከስንቱ ጋር ልጣላ?

የባሰው ደግሞ የአንገት ነገር ነው። ጭሮ ውስጥ ፀጉሩን የሚስተካከል ወንድ ተላጭቶና ሽቶ ተረጭቶ ሲያበቃ፣ ፀጉር አስተካካዩ አገጩንና አናቱን ይይዝና አንገቱን በድንገት ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ ይጠመዝዝለታል። አጥንቱ «ጠቅ!» ይላል። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ «አቦ! ተባረክ!» ይላል። «ጠቅ» ሳይል ከወንበሩ የተነሳ ሰው ፂሙን በግማሽ ተላጭቶ የወጣ ያህል ቅር ይለዋል።

እኔም ሳላስበው የዚህ «ጠቅ» ባለዝና ሆንኩ። አንድ የሂርና ጫት ነጋዴ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ አንገቱ ተቆልምሞበት መጣ። መርምሬ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለው ካየሁ በኋላ ጡንቻውን አሙቄ ቀስ ብዬ አሠራሁት። እያሠራሁት ሳለ አንገቱ በራሱ ጊዜ ጠቅ አለ። በቃ! ሂርና ጫት ተራ ላይ «ጭሮ ያለችው ሲስተር አንዴ ጠቅ ካደረገችህ እንደ አዲስ ነህ» ብሎ ነዛው። ከዚያ በኋላ ከአካባቢው ከተሞች፣ ከበደሳም ከመሰላም፣ አንገታቸውን ይዘው የሚመጡ በዙ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ዝና ማን ይጠላል?

ሼህ ኢብሮን ወደ እኔ ያመጣቸው ይኸው ዝና ነው።

አረፋ ሊውል ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። ረፋድ ላይ አንድ ፈርጣማ ሰው አባቱን በክንዳቸው ደግፎ ገባ። ልጁ ጀማል ይባላል፤ የአይሱዙ ሹፌር ነው። አባቱ ሼህ ኢብሮ መሰላ አካባቢ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ የኢድን ሶላት ሜዳ ላይ ለዓመታት የመሩት እሳቸው ናቸው። ቀጠን ያሉ፣ ፂማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ፊታቸው ላይ ሳቅ የማይጠፋ ሽማግሌ ናቸው። የዚያን ቀን ግን የሚሄዱት ሞልቶ የሚፈስ ነገር አናታቸው ላይ እንደተሸከሙ ሰው ነበር።

«ሲስተር፣ አባቴ ናቸው» አለ ጀማል። «አንገታቸው አልዞር ብሏል። ዶክተሩ ራጁ ንጹህ ነው፣ አንገት ደርቆ ነው ብሎናል። ጠቅ አድርጊልንና እንሂድ፤ ለበዓሉ መድረስ አለብን።»

«እስቲ መጀመሪያ እንተዋወቅ» አልኩና አባቱን ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። «አባባ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ሕመሙን ተይው፣ እችለዋለሁ» አሉኝ አፋን ኦሮሞ በሚጫነው አማርኛቸው። «እኔን ያስቸገረኝ ሰላምታው ነው።»

አልገባኝም። ጀማል አስረዳኝ። ሶላት ሲያበቃ ሰጋጁ ፊቱን ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ አዙሮ «አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላህ» ይላል።

«እኔ ግን ሞርማ እምቢ አለ» አሉ አንገታቸውን በጣታቸው እየጠቆሙ። «ትከሻዬን ይዤ ነው የምዞረው። ከኋላ ያሉት ያጉረመርማሉ። 'ሼሁ ሰላምታ ማድረግ አቃታቸው፣ ሌላ ሰው ይምራን' የሚልም አለ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይቺን ብቻ አዙሪልኝ።»

እንዴት እንደጀመራቸው ጠየቅኳቸው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለንጋቱ ሶላት ሲታጠቡ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተንሸራተው ግንባራቸውን ገጭተው ነበር። ያኔ ትንሽ ደም ፈሰሳቸው፣ ጠረጉት፣ ገብተው ሰገዱ። አንገታቸው የደረቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

ልነካቸው ስል ጀማል ትንሽ ተሸማቀቀ። ሴት ነኝ፣ ክርስቲያን ነኝ፣ ማተቤ ደረቴ ላይ ይታያል። ሽማግሌው አስተዋሉት። «ሐኪም ሐኪም ነው፣ ተዋት ትሥራ» አሉና ሻሻቸውን ራሳቸው ፈቱ። እኔም ጓንቴን አጠለቅሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ ያለዚያ የቀረው ሁሉ ከንቱ ጭቅጭቅ ይመስላችኋል። አንገታችን ውስጥ ሰባት አጥንቶች አሉ። ከላይ ያለው ቀለበት ነው፤ ጭንቅላታችን የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ከሥሩ ያለው ሁለተኛው አጥንት ደግሞ ጥርስ የመሰለች ዘንግ አለችው፤ ዘንጓ ወደ ላይ ወጥታ ቀለበቱ ውስጥ ትገባለች። «አይሆንም» ብላችሁ ራሳችሁን ግራና ቀኝ ስትወዘውዙ፣ ከመዞሩ ግማሽ ያህሉ የሚሆነው በዚያች ዘንግ ዙሪያ ነው፤ የባጃጅ መሪ በአንዲት ዘንግ ላይ እንደሚዞር ማለት ነው። ከዘንጓ በስተኋላ ከአንጎል የሚወርደው የነርቭ ገመድ ያልፋል። እጅም፣ እግርም፣ ትንፋሽም የሚታዘዘው በሱ ነው። ዘንጓ ከተሰበረች ቀለበቱ ይንሸራተትና ገመዱን ይጨፈልቀዋል። ያን ጊዜ ሰው መንቀሳቀስ ብቻ ሳይሆን መተንፈስም ያቆማል።

ሼሁን ሳልነካቸው ሰላምታውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው። ወደ ቀኝ ዞሩ። የዞረው ግን አንገታቸው አልነበረም፤ ደረታቸው፣ ትከሻቸው፣ ወገባቸው ሁሉ አንድ ላይ ነበር። አንገት ደርቆ እንዲህ የሚሆን ብዙ ሰው አለና እስከዚህ ድረስ አልደነገጥኩም።

«አሁን እዚህ አልጋ ላይ ጋደም ይበሉልኝ» አልኩ።

ሼሁ አንድ እጃቸውን ከኋላ ማጅራታቸው ላይ፣ ሌላውን አገጫቸው ሥር አደረጉ። ከዚያም ራሳቸውን እንደ እንቁላል በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው መውረድ ጀመሩ።

ትምህርት ቤት ሳለን አስተማሪያችን ይህን ምልክት አሳይቶን «ይህን ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ» ብሎናል። ሰው ራሱን በእጁ ተሸክሞ የሚተኛውና የሚነሳው፣ ውስጡ ያለው ነገር እንደማይሸከምለት አካሉ ሲያውቅ ነው።

«ቆይ! ቆይ አባባ፣ እንዳይተኙ፤ እንደተቀመጡ ይቆዩ» አልኩና ማጅራታቸውን ደገፍኩ። «ሱጁድ ሲወርዱ፣ ግንባርዎ መሬት ሲነካ ምን ይሰማዎታል?»

«ኤዬ! እሱንማ ለማንም አልነገርኩ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንደ ኤሌክትሪክ ነው። ከዚህ ተነስቶ እስከ ጣቴ ይነዝረኛል። አንዳንዴ እግሬም ድረስ።»

ያን ጊዜ ነው እጃቸውን ያየሁት። መቁጠሪያቸውን ይዘዋል፣ ጣቶቻቸው ግን ዶቃዎቹን በቅጡ አይለዩም። ወዲያው መቁጠሪያው ከእጃቸው አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጀማል አንስቶ ሰጣቸው። «ሰሞኑን ይጥሉታል፣ እርጅና ነው» አለኝ። ጉልበታቸውን በመዶሻዬ ነካ ሳደርገው እግራቸው ከልክ በላይ ተፈናጠረ። እርጅና እንዲህ አያስፈናጥርም፤ የሚያስፈናጥረው የተጫነ የነርቭ ገመድ ነው።

ፎጣ ጠቅልዬ አንገታቸውን ዙሪያውን ደገፍኩና ወደ ጀማል ዞርኩ።

«አንገታቸውን አልነካም። ማንም አይነካውም። ሌላ ራጅ ያስፈልጋል፣ አፋቸውን ከፍተው ከፊት የሚነሳ። እስከዚያ አይተኙም፣ አያጎነብሱም፣ አይዞሩም።»

«እንዴ ሲስተር! ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው ላንቺ ጠቅታ ነው እኮ! ለሂርናው ሰውዬ አድርገሽ የለ?»

«የሱ አንገት ሌላ፣ የሳቸው አንገት ሌላ!»

ጀማል ሄዶ ዶክተሩን ይዞ መጣ። ዶክተሩ በዕድሜም በማዕረግም ይበልጠኛል፤ የዚያን ቀን ደግሞ በሽተኛ በዝቶበት ንዴቱ አፍንጫው ላይ ደርሶ ነበር።

«ምንድን ነው ችግሩ፣ ትዕግሥት?»

ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየ። «ይኸው፣ ምንም የለውም።»

«ዶክተር፣ ይሄ ከጎን ብቻ የተነሳ ነው። የላይኞቹ ሁለት አጥንቶች በመንጋጋው ተሸፍነዋል። አፋቸውን ከፍተው ካልተነሱ ዘንጓ አትታይም።»

«እኔ እኮ ወደ አንቺ የላክኋቸው እንድታክሚያቸው ነው፤ ሥራዬን እንድታርሚልኝ አይደለም።» ከዚያ ለጀማል ፈገግ አለለት። «አንገት የተፈጠረው ዞሮ ለማየት ነው፤ እሷ ደግሞ አታዙሩ ትላለች።»

ጀማል ሳቀ። ዝም ማለት እችል ነበር፤ ዝም አይነቅዝም ይባላል። ከበላዬ ያለ ሐኪም አዟል፣ ቤተሰቡ ፈልጓል፣ አንዴ ቀስ ብዬ ጠምዘዝ ባደርግ ሁሉም አመስግኖኝ ይሄዳል። ሼሁ አንድ ነገር ቢሆኑ እንኳ «ዶክተሩ አዞኝ ነው» ማለት እችላለሁ። ግን ከጓንቴ ውስጥ ያሉት እጆች የኔ ናቸው።

«ዶክተር፣ አላደርገውም» አልኩ። «ብባረርም አላደርገውም። ራጅ ይነሳና ምንም ከሌለ፣ በሁላችሁም ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«መብራት ጠፍቷል» አለ ዶክተሩ። «ጄኔሬተሩ ደግሞ ለኦፕራሲዮን ክፍሉ ነው። መብራት ሲመጣ ይነሱ፣ ምን ቸገረኝ።» ወጣ።

መብራቱ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም። ከኮሪደሩ ጫፍ አንዲት በስትሮክ የወደቀች እናት እየጮኸች ስለነበር «እዚሁ ጠብቁኝ፣ እንዳትነቃነቁ» ብዬ ወደ እሷ ሄድኩ። ስመለስ ክፍሌ ባዶ ነበር። የጠቀለልኩት ፎጣ አልጋው ላይ ተቀምጧል።

በሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰውዬን ጠየቅኩት። «ልጅየው ተቆጥቶ ይዟቸው ወጣ» አለኝ። «'የኛ ከድር ይበቃናል፣ የሱ እጅ ነው የሚያውቃቸው' ሲል ሰምቻለሁ።»

ከድር መናኸሪያው አጠገብ ያለ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሼሁ ጭሮ በመጡ ቁጥር ራሳቸውን የሚላጩት እሱ ዘንድ ነው። እንኳን ሼሁን፣ የሆስፒታላችንን ወንዶች ሁሉ «ጠቅ» የሚያደርገው እሱ ነው።

ጋወኔን ሳላወልቅ ሮጥኩ። በር ላይ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁና «መናኸሪያ! ቶሎ!» አልኩት። ለበዓል የመጣ በግ ነጂና ፍየል ጎታች መንገዱን ሞልቶታል። ሾፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል፣ በጎቹ ግን ምን ገዷቸው። እኔ ከኋላ ሆኜ «በስማም፣ በስማም» እላለሁ። በመጨረሻ ትዕግሥት አጣሁና ወርጄ በእግሬ ሮጥኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል፤ ጋወን የለበሰች ሴት በበግ መሀል ስትሮጥ ማን አያይ?

ፀጉር ቤቱ በር ስደርስ መስታወቱ ውስጥ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሼህ ኢብሮ ወንበሩ ላይ ናቸው፤ ነጭ ጨርቅ ተደርጎላቸዋል፤ ራሳቸው ተላጭቶ ያበራል። ከድር ከኋላቸው ቆሞ አንድ እጁን አገጫቸው ላይ፣ ሌላውን አናታቸው ላይ አድርጓል። ሼሁ ዓይናቸውን ጨፍነው «ቢስሚላህ» ሲሉ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ከድር! እንዳታዞር!» ድምፄ የኔ አይመስልም ነበር። «በድንገትም እንዳትለቅ! እንደያዝካቸው ቁም!»

ከድር ደርቆ ቀረ። ተሻግሬ ሄጄ እጆቼን በጆሮዎቻቸው ግራና ቀኝ አደረግሁ። «በቃ፣ አሁን ቀስ ብለህ ልቀቅ።» ለቀቀ። ግንባሩ በላብ ወርዝቶ ነበር።

«እኔ እኮ ሲስተር... ሁሌም አደርጋለሁ፣ አንድም ቀን...» አለ።

ጀማል ፊቱ ቀላ። «አንቺ ሴትዮ! አባቴን ሰው ፊት ማዋረድ ነው የያዝሽው? እምቢ ካልሽ ለሚችለው ተይልን!»

«አልተውም!»

«ምን አገባሽ?»

«እጄ ላይ መጥተዋል፣ ያገባኛል! ከፈለግህ ምታኝ፣ እጄን ግን ከዚህ አላነሳም!»

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ወረፋ የያዙ ወንዶች ተነስተው ቆሙ። ሼሁ በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ። ከኋላቸው ስለነበርኩ የምንተያየው በመስታወት ብቻ ነበር።

«ኢንተላ ኮ» አሉ ረጋ ብለው፣ «ከነገ ወዲያ ኢድ ነው። ሜዳው ላይ ሕዝብ ይጠብቀኛል። አንቺ ማን ነሽ ሶላቴን የምትከለክዪኝ?»

ያየሁት ምልክት ትክክል መሆኑን እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ብሳሳት ጭሮ ላይ መሳቂያ ሆኜ እንደምቀር አውቃለሁ። ብሳሳት ማንም አይሞትም፤ ዝም ብል ግን የሚሞቱት እሳቸው ናቸው።

«አባባ፣ እኔ ልከለክል አልችልም። አንድ ጥያቄ ግን ልጠይቅዎት፤ ፈትዋ፣ የሃይማኖት ብይን ነው የምጠይቅዎት።»

ከወረፋው አንዱ ማተቤን አይቶ በሳቅ ፈነዳ። ሼሁ ግን አልሳቁም። «ጠይቂ» አሉ።

«አንድ ሰው አለ እንበል። አንገቱ ውስጥ አጥንት ተሰብሯል፤ ግንባሩን መሬት ካደረሰ ሊሞት ይችላል። እንዴት ይስገድ?»

«ተቀምጦ ይስገድ።»

«ተቀምጦም ራሱን ዝቅ ማድረግ ካልቻለስ?»

«ተኝቶ።»

«ተኝቶም ራሱን ማነቃነቅ ካልቻለስ?»

«በዓይኑ» አሉ። «ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዓይኑን ከፍቶ። አላህ ለባሪያው የማይችለውን አላዘዘም።»

«እሱ ግን 'እምቢ፣ ሰው ምን ይለኛል' ብሎ ግንባሩን መሬት ቢያደርስስ?»

ሼሁ በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ፤ ከዚያ ደግሞ ራሳቸውን አዩ።

«እሱ ሰውዬ እብሪተኛ ነው» አሉ።

«ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።» ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ያቺ ሳቃቸው ብቅ አለች። «ጀማል፣ ዝም በል። ሲስተር ያለችውን አድርግ።»

የፀጉር ቤቱን ረዥም አግዳሚ ወንበር ቃሬዛ አደረግነው። ከድር ንጹህ ፎጣዎቹን ሁሉ አውጥቶ ሰጠኝ። አራት ወንዶች ተሸከሙ፤ እኔ ከራስጌ ሆኜ ራሳቸውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ኋላዬ እየተራመድኩ ሄድኩ። በግ ነጂዎቹ ሳይቀሩ መንገድ ለቀቁልን።

ሆስፒታል ስንደርስ መብራቱ አልመጣም ነበር። ጠበቅን። እጄ ዛለ፣ አልለቀቅኩም። ዶክተሩ በኮሪደሩ ሁለቴ አልፎ ሁለቴም አላየኝም። ከቀትር በኋላ አምፖሉ ብልጭ ሲል ጀማል «አልሃምዱሊላህ!» ብሎ ጮኸ። ሼሁ አፋቸውን ከፍተው ራጅ ተነሱ።

ዶክተሩ አዲሱን ራጅ መብራት ላይ አደረገው። ማየት የሚፈልግም የማይፈልግም ይመስል ነበር። ዘንጓ ከሥሯ ተቆርጣለች። ጥቁር መስመሯ እንኳን ለሐኪም ለጀማልም ታየችው።

ዶክተሩ ራጁን አወረደው። ከዚያ «አምቡላንስ ጥሩ። ሐረር ይሄዳሉ» አለ። «ትዕግሥት፣ አብረሻቸው ሂጂ። እጅሽን ከራሳቸው ላይ እንዳታነሺ።» ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቀኝም። ያን ቃል ግን ከሱ አፍ ስሰማ በቂዬ ነበር።

ሂርና ስንደርስ የጫት ገበያው መንገዱን ዘግቶት ቆምን። ጫት የጫኑ መኪኖች፣ ሚኒባሶች፣ ጥሩንባ፣ ጩኸት። እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ የሼሁን ራስ በሁለት መዳፌ ይዣለሁ። ጀማል በቀኛቸው ተቀምጦ ያለቅሳል። ከሰዓት በኋላ የሚሰገደው የዐስር ሶላት ጥሪ ከሩቅ ተሰማ።

«ጀማል፣ ቂብላ በየት ነው?» አሉ ሼሁ፤ የመካን አቅጣጫ መጠየቃቸው ነው።

«በግራዎ በኩል ነው አባ።»

«ኢንተላ ኮ፣ እንዳትለቂኝ።»

«አለቅዎትም፣ አባባ።»

ሰገዱ። እንዳልኳችሁ ራሳቸው ያለው እጄ ውስጥ ነው፤ አንዲት ፀጉር ታህል ቢነቃነቁ አውቅ ነበር። አልተነቃነቁም። የሚንቀሳቀሱት ከንፈራቸውና ሽፋሽፍታቸው ብቻ ነበሩ። መጨረሻ ላይ ዓይናቸውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ጀማል ላኩ። ከዚያ ወደ ግራ፣ ወደ መስኮቱ ላኩ። ሁለቱንም ጊዜ ሰላምታውን አሟሉ። እኔም አለቀስኩ፤ እጄ ስለተያዘ እንባዬን የምጠርግበት አልነበረኝም።

ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። እዚያ ሁለቱን አጥንቶች በብሎን አያያዙላቸው። ተረፉ፤ በእግራቸው ቆመው ተመለሱ። መቁጠሪያቸውም ከእጃቸው አይወድቅም። ነገር ግን አጥንቶቹ ስለተያያዙ ከአንገታቸው መዞር ግማሹ ለዘላለም ቀርቷል። የዚያን ዓመት አረፋ ሌላ ሰው መራ። በቀጣዩ ግን ሜዳው ላይ ወንበር ተደርጎላቸው እፊት ተቀምጠው መሩ። የሚያጉረመርሙት ያኔም አልጠፉም አሉ። ሼሁ «ሙሉ አንገት ይዞ ሙሉ ልብ ያለው ይምጣና ይምራ» ብለው ዝም እንዳሰኟቸው ጀማል እየሳቀ ነግሮኛል።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ይህ ታሪክ እኔን ምን እንዳደረገኝ ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት ለመወደድ ስል ብዙ ነገር «እሺ» እል ነበር። «ማሳጅ» ሲሉኝ እሺ፣ ሳልመረምር «ቶሎ በይ» ሲሉኝ እሺ። አሁን በሽተኛ ሳልመረምር አልነካም፤ ሚኒስትር ቢመጣም። አንዳንዱ ኩሩ ይለኛል፣ አንዳንዱ ደግሞ «ያቺ እምቢተኛ» ይለኛል። ሁለቱንም እቀበላለሁ። እናንተም ብትሆኑ ወድቃችሁ፣ ተገጭታችሁ አንገታችሁ ከደረቀ፣ እጃችሁን ከነዘራችሁ፣ ራሳችሁን ደግፋችሁ የምትነሱ ከሆነ፣ ማንም ቢሆን፣ የፈለገውን ጋወን ቢለብስም፣ አንገታችሁን እንዲጠመዝዝ አትፍቀዱ። «አይሆንም» በሉ። አፍራችሁ ዝም አትበሉ።

ከድርም ጠቅታውን ትቷል። «ሲስተር፣ ደንበኞቼን አባረርሽብኝ» ይለኛል ሲያገኘኝ፤ ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ የምሩን ነው። ይባረሩ።

ባለፈው ጊዜ ሼህ ኢብሮ ለክትትል መጥተው ክፍሌ ውስጥ ትከሻቸውን ያሠሩ ነበር። አንድ ጎረምሳ ነጋዴ በሩን ከፍቶ ገባና «ሲስተር፣ አንገቴ ትንሽ ከብዶኛል፣ ጠቅ አድርጊኝና ልሂድ» አለ።

«አላደርግም። ተራህን ጠብቅና እመረምርሃለሁ።»

«አቦ፣ ምን ምርመራ ያስፈልጋል! አንዴ ጠቅ ብታደርጊኝ ምን አለበት?»

መልስ ልሰጠው ስል ሼሁ እጃቸውን አነሱ። ከዚያ አንገታቸው አይዞርምና ተነስተው ወንበራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ልጁ አዞሩትና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«አንገትህ ይዞራል?» አሉት።

ልጁ ግራ ገብቶት ወደ ቀኝ ዞረ፣ ወደ ግራ ዞረ። «ይዞራል፣ አባባ።»

«እንግዲያው አልሃምዱሊላህ በልና ወረፋህን ጠብቅ።»